ጁላይ 4 ሲመጣ ውሻችሁ የት ያድራል?

እስቲ ቡናው እስኪፈላ አንድ ጨዋታ ላንሳ። አሜሪካ የምትኖሩ ወዳጆቼ ጁላይ 4ን ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ላይ የሚውለውን የነጻነት በዓል ማለቴ ነው። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሥጋው ይጠበሳል፣ ልጆች ጓሮውን ይሞሉታል፣ ሲመሽ ደግሞ ሰማዩ በርችት ይደምቃል። እኔ በዓሉን እወደዋለሁ። የአገሩ ሰው ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በአንድ ምሽት ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይበት ቀን ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን በዚያች ሰዓት ሶፋ ሥርና መኪና ሥር ገብተው ስለሚንቀጠቀጡት የቤት እንስሶቻችን ነው።

ርችቱ የበዓሉ ነባር ልማድ ነው። ጆን አዳምስ በ1776 ለባለቤቱ ለአቢጌል በጻፈው ደብዳቤ የነጻነቱ ቀን ወደፊት በሰልፍ፣ በመድፍ፣ በደመራና በመብራት እንደሚከበር ተንብዮ ነበር። በዓመቱ፣ በ1777፣ ፊላዴልፊያ ላይ ርችት ተተኮሰ። ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ርችቱ ይቅር ብዬ አልተነሣሁም። እዚህ ባለን ሐበሾች ቤት በቀላሉ ሊስተካከል የሚችል አንድ ነገር ስላለ ነው ያነሣሁት፤ ያም ውሻው በዚያች ሌሊት የት ያድራል የሚለው ነው።

በአገራችን ውሻ የግቢ ነው። በር ይጠብቃል፣ ሌባ ያባርራል፣ ትራፊ ይበላል፣ ደጅ ያድራል። ይህንኑ ልማድ ይዘን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ገባን። ልጆቻችን ለመኑን፣ ቡችላ ገዛንላቸው ወይም ከሼልተር (ከእንስሳት መጠለያ) አመጣንላቸው። በብዙ ቤት ውሻው ዛሬም ጓሮ ውሎ ጓሮ ያድራል። በሌላው ቀን ይህ ያን ያህል ላይጎዳው ይችላል። በጁላይ 4 ሌሊት ግን ከጓሮ የከፋ ቦታ የለም። ድምፁን የሚያበርድለት ግድግዳ፣ የሚሸሸግበት ጥግ የለውም፤ ያለው አጥር ብቻ ነው። የደነገጠ ውሻ ደግሞ በሌላ ቀን ሞክሮት የማያውቀውን አጥር ይዘላል፣ ሥሩን ቆፍሮ ይወጣል። በሰንሰለት የታሰረ እንደሆነማ አደጋው ይብሳል፤ ሲፈራገጥ ሰንሰለቱ አንገቱ ላይ ሊጠመጠምበት ይችላል።

ውሻ ቤት እንዲገባ የማይፈልጉ ወላጆች እንዳሉን አውቃለሁ። የጸሎት ቦታቸውን ንጽሕና የሚጠብቁ እናት፣ ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበት ክፍል ውሻ እንዳይደርስ የሚጠነቀቁ አባት አሉ። ይህንን አከብራለሁ። ሳሎን ይተኛ አላልኩም። ቤዝመንት፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ መስኮት የሌለው መተላለፊያ፣ በሩ ክፍት የሆነ የልብስ ቁም ሣጥን ይበቃዋል። ጋራዥን ግን አስቡበት፤ የጁላይ ሙቀት የዋለበት ጋራዥ ሲመሽም ይታፈናል፣ በሩንም አንድ ሰው ሳያስብ ከከፈተው ውሻው መንገድ ላይ ነው።

ለምን ይህን ያህል ይፈራሉ? አንደኛው ምክንያት ጆሯቸው ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ይሰማል። የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ፣ የድመት ደግሞ ከ60,000 በላይ ይደርሳል። እያፏጨ የሚወጣው ርችት እኛ የማንሰማው ቀጭን ጩኸት ሊኖረው ይችላል፤ እነሱ ይሰሙታል። ሁለተኛውና እኔ የበለጠ የማስበው ግን ሌላ ነው። አገር ቤት ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ ሰምታችኋል። የመንደሩ ውሻ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ልጁን ያየዋል፣ ጅራፉን ያየዋል፣ ካልጣመው ወደ ወንዙ ወርዶ ይርቃል። ርችት እንዲህ አይደለም። ከላይ ይመጣል፣ ከግራ ይመጣል፣ ዝም ይልና ድንገት ይመለሳል። መሬቱን ያንቀጠቅጣል፣ የባሩድ ሽታ ያመጣል። የሚሸሹት ነገር የት እንዳለ ሳያውቁ መሸሽ፣ እኔ እንደማየው፣ ከጩኸቱም የሚብስ ፍርሃት ነው።

ይህንን ከማንም በላይ ያስረዱኝ የአንድ ወዳጄ እናት ናቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1983 ግንቦት መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እዚያው ከተማ ነበሩ፤ መስኮቱ ሲርገበገብ፣ ልጆች ታቅፈው መሬት ላይ ሲተኙ አስታውሰው ያወራሉ። ልጃቸው ዘንድ አሜሪካ መጥተው የመጀመሪያውን ጁላይ 4 ሲያዩ ቡናው እጃቸው ላይ ተናወጠ። ከዚያ ወዲያ ውሻ ቤት አይግባ ይሉ የነበሩት እሳቸው፣ ቀኑ ሲደርስ «ኧረ ያን ፍጥረት አስገቡት» የሚሉት እሳቸው ሆኑ። «እኔንስ በዓል ነው ብላችሁ ነገራችሁኝ፤ ለእሱ ማን ይንገረው?» አሉኝ። በእርግጥም ቤታችን ውስጥ ጦርነት ያዩ፣ ከጦርነት የሸሹ ሰዎች አሉ። ውሻውን የሚጠቅመው ዝግጅት እነሱንም ይጠቅማል፤ ቀድሞ መንገር፣ መጋረጃ መዝጋት፣ ብቻቸውን አለመተው።

ችግሩ የጥቂት ፈሪ ውሾች ነው ብላችሁ አታስቡ። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት የ13,700 ያህል የፊንላንድ ውሾችን ጠባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቀው መርምረዋል። 32 በመቶዎቹ ድምፅ የሚፈሩ ሆነው ተገኙ፤ 26 በመቶው ርችት ይፈራል። ከአራት ውሻ አንዱ ማለት ነው። ምልክቱም ሁልጊዜ መጮህና መሮጥ አይደለም። ሳይሞቀው ማለክለክ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ እንቅልፍ ሳይኖር ማዛጋት፣ ከንፈር መላስ፣ ጭራን በእግሮች መሃል መሸጎጥ፣ የሚወደውን ሥጋ እምቢ ማለት፣ ጥላ ሆኖ እግር እግር ማለት። «የእኔ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው» የምትሉ፣ ዝምታው የመረጋጋት መሆኑን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ደንግጦ ድርቅ ያለ ውሻም ዝም ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ውሻቸው ላረጀ። ዕድሜውን ሙሉ ርችት ግድ ሳይሰጠው ኖሮ በስተርጅና መፍራት ከጀመረ፣ ቅልጥሙንና ወገቡን አስመርምሩ። በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲና የብራዚል ተመራማሪዎች በ2018 እንዳሳዩት፣ የመገጣጠሚያ ወይም የጡንቻ ሕመም ያለባቸው ውሾች ድምፅ መፍራት የሚጀምሩት ዘግየት ብለው ነው። ድንገተኛ ድምፅ ሲያስደነግጠው ሰውነቱ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ያመዋል፤ ድምፁንና ሕመሙን አንድ ላይ ያስራቸዋል። ሕመሙ ሲታከም ፍርሃቱም ሊቀልል ይችላል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። «ሲፈራ አታባብለው፣ ታባብሰዋለህ» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። የውሻ አሠልጣኞች ለብዙ ዘመን ያስተማሩት ነው፤ ብዙ ውሻም በዚህ ምክንያት በጭንቁ ሰዓት ብቻውን ቀርቷል። ፍርሃት ስሜት ነው። ሥጋ አግኝቼ ልፍራ ብሎ የሚፈራ የለም፤ ስላባበላችሁት ብቻ ፍርሃቱ ያድጋል ማለትም አይቻልም። ወደ እናንተ ከመጣ አስጠጉት፣ በቀስታ ደረቱን እሹት፣ በተለመደው ድምፃችሁ አናግሩት። መደበቅ ከፈለገ ደግሞ ይደበቅ፤ ጎትታችሁ አታውጡት። መቆጣትና መምታት ግን ከርችቱ ፍርሃት ላይ የእናንተን ፍርሃት ይጨምርበታል።

እንዲያውም በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው ስቴፋኒ ሪመር በ2020 ያሳተመችው ጥናት ደስ ይላል። 1,225 የውሻ ባለቤቶችን ስለሞከሩት ዘዴ ሁሉ ጠየቀቻቸው። አንድ ፍንዳታ በተሰማ ቁጥር ወዲያው ለውሻቸው የሚወደውን ቁራሽ ከሰጡት ወይም ካጫወቱት ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደረዳቸው ተናገሩ። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትም ወደ 70 በመቶ ተጠግቷል። ሰውነትን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው ልብስ 44 በመቶ ላይ ቆመ። የዕፅዋት ቅመሞችና የሚረጩ ሽታዎች ግን ከዚያም በታች ነበሩ፤ አጥኚዋም ውጤታቸው ምንም መድኃኒትነት የሌለው ነገር ቢሰጥ ከሚታየው መሻል እንደማያልፍ ጽፋለች። ልብ በሉ፤ ከሁሉ የተሻለው በሱቅ የሚሸጥ አይደለም። ፍንዳታ፣ ቁራሽ ሥጋ። ፍንዳታ፣ ቁራሽ ሥጋ። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ሥጋው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፁ ራሱ የሥጋ ምልክት ይሆንለታል።

የዕለቱን ውሎ እንዲህ አስቡት። ጠዋት መንገዱ ሳይግል ረዘም ያለ የእግር ጉዞ ይውሰድ፤ ደክሞት ያምሽ። ራቱን ሳይመሽ ይብላ። ዋሽንግተን አካባቢ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው በአበሻ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው፤ በናሽናል ሞል የሚተኮሰው ትልቁ ርችት ብዙ ጊዜ ከ3 ሰዓት በኋላ ይጀምራል። ስለዚህ ከ2 ሰዓት በፊት በገመድ ይዛችሁ አስወጡት፣ ይሽና፣ ይመለስ። የታጠረ ጓሮ ቢኖራችሁም በዚያ ምሽት ገመዱን አትፍቱ። መስኮትና መጋረጃ ዝጉ፣ መብራት አብሩ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብልጭታው ይጎላል። ማራገቢያ ወይም ቴሌቪዥን ክፈቱ። ሙዚቃም ጥሩ ነው፤ በ2017 የግላስጎ ዩኒቨርሲቲና የስኮትላንድ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ባደረጉት ጥናት ውሾች ሬጌና ለስላሳ ሮክ ሲሰሙ ተረጋግተው ታይተዋል። ጥናቱ ስለ ርችት አልነበረም፤ ቢሆንም የሬጌው ወፍራም ባስ የሩቁን ጉምጉምታ ይሸፍናልና የቦብ ማርሌይ አልበም ያላችሁ አውጡት።

እንግዳ የሚመጣባችሁ ከሆነ ሁለት ነገር አደራ። አንዱ በሩ ነው። የእኛ ቤት በዓል ሲሆን በሩ አይዘጋም፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ ውሻው በእግሮች መሃል ሾልኮ ይሄዳል። የክፍሉ በር ላይ «እባካችሁ አትክፈቱ» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ሁለተኛው ምግቡ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ጉዳቱ የሚታየውም ከቀናት በኋላ ነው። ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ እናንተው ታውቃላችሁ። ጥብሱም፣ ንጥር ቅቤውም ከዚህ አያመልጥም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ዘቢብና ወይን ኩላሊት ይጎዳል። «ለሱም ይድረሰው» የሚል ደግ ጉርሻ እንዳይከተል፣ ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ ለብቻው አስቀምጡና እንግዳው ከዚያ ያጉርሰው።

ደግሞ እኛን ከሌላው የሚለየን ነገር አለ። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር የሚውለው በጁላይ 4 ሰሞን ነው። ውድድሩ በየዓመቱ ከተማ ይቀይራል፤ እኛም ቤት ቆልፈን ቤተሰቡን ጭነን እንሄዳለን። ውሻውስ? ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለማደሪያ ቤት ይሰጣል። እንግዲህ በዓመቱ እጅግ በሚፈራበት ሌሊት፣ የማያውቀው ቤት፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ያድራል። ቢያመልጥ ወደየት ይመለሳል? ለመሄድ ከወሰናችሁ ከሳምንታት በፊት አንድ ሁለት ሌሊት እዚያ አሳድሩት። የለመደውን ምንጣፍና ያልታጠበ ልብሳችሁን አብራችሁ ላኩ። ለሚይዝላችሁ ሰው ውሻው በዚያ ሌሊት ፈጽሞ ደጅ እንዳይቀር በግልጽ ንገሩት፤ ያውቃል ብላችሁ አትለፉት። የእናንተና የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ ቁጥር እጁ ላይ ይኑር።

ማይክሮቺፕ ያላስገባችሁ፣ አስገቡ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፣ በመርፌ ቆዳው ሥር ትገባለች። ያለበትን ቦታ አትጠቁምም፤ ሼልተር ወይም ክሊኒክ በማንበቢያ መሣሪያ ሲያነቧት ቁጥር ታወጣለች፣ ቁጥሯ ደግሞ ወደ ስልካችሁ ይመራል። ስለዚህ ስልክ በቀየራችሁ ቁጥር መዝገቡን አድሱ፤ ያልታደሰ ቺፕ ካልገባ አይሻልም። በ2009 ታትሞ በወጣ የአሜሪካ ጥናት ሼልተር ከገቡ ውሾች በጠቅላላው ወደ ባለቤታቸው የተመለሱት 22 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ቺፕ ካላቸው ግን 52 በመቶው ተመልሰዋል። የድመቶቹ ይበልጥ ያስደንቃል፤ በጠቅላላው ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም፣ ቺፕ ካላቸው 38 በመቶ ያህሉ ቤታቸው ገብተዋል።

ድመትን ካነሣሁ፦ ከቀትር በኋላ ከቤት አትውጣ፤ የተደበቀችበትን አታውኳት፣ ውሃዋንና የአሸዋ ሣጥኗን ወደ መደበቂያዋ አቅርቡላት። የልብስ ማድረቂያውን ከማስነሣታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። በሽቦ ጎጆ ያለች ወፍ በከፊል ትሸፈን፣ ትንሽ መብራት ይተውላት፤ በድንገት ስትበርር ክንፏን እንዳትሰብር።

ፍርሃቱ የበረታባቸው፣ ምግብ እንኳ የማይቀምሱ፣ በር በጥፍራቸው የሚቧጥጡ አሉ። ለእነሱ ቁራሽ ሥጋና ሬጌ አይበቃም። ይህ ሕመም ነው፤ ሐኪም አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በተለይ ለውሾች የድምፅ ፍርሃት የሚሆን፣ በጉንጭና በድድ መሃል የሚቀባ ጄል ፈቅዷል። ሐኪሞች ትራዞዶንና ጋባፔንቲንም ያዝዛሉ። ቀጠሮውን ግን በጁን መጀመሪያ ያዙ፤ በዓሉ ሲቃረብ ክሊኒኮች ይጨናነቃሉ፣ መድኃኒቱንም ጸጥ ባለ ቀን አንዴ ሰጥቶ እንዴት እንደሚስማማው ማየት ያስፈልጋል። አብዛኛው የሚሰጠው ፍንዳታው ሳይጀመር ነው፤ ከደነገጠ በኋላ ብዙ አይሠራም። አሴፕሮማዚን የሚባል የቆየ ማፍዘዣ ብቻውን ከታዘዘላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ አካልን ያስራል፣ ፍርሃቱን ግን አይወስድም፤ መንቀሳቀስ አቅቶት በውስጡ የሚሸበር እንስሳ ማለት ነው። ከራሳችሁ መድኃኒት ሣጥን ግን ምንም አትስጡ። አንዲት ታይሌኖል ድመት ትገድላለች። አረቄና ቢራም መርዝ ነው።

ዋዜማውንና ማግስቱንም አትርሱ። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ግለሰብ ርችት መተኮስ ክልክል ነው፣ ልጆች በእጅ የሚይዙት ብልጭልጭ እንኳ አይፈቀድም። በቨርጂኒያም የሚፈነዳና ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ ሕገወጥ ነው። ነገር ግን በየሰፈሩ ከጁላይ 4 ቀደም ብሎም፣ ካለፈ በኋላም ሲተኮስ ትሰማላችሁ። ልጆቻችሁ ከጓደኛ ጋር ሊተኩሱ ቢነሡ፣ በጎረቤት ስንት የሚንቀጠቀጥ ፍጥረት እንዳለ ንገሯቸው፤ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ይረዳል። ደግሞ ያለ ፍንዳታም ድምቀት እንደሚቻል ያዩ አገሮች አሉ። በካናዳ የባንፍ ከተማ በ2018 የዱር እንስሳትን ላለማወክ ድምፁ ዝቅ ያለ ርችት ተክታለች፣ የኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶች በዚያው ዓመት የሚጮኸውን ከልክለዋል። በአሜሪካም በ2023 ሶልት ሌክ ሲቲ ጁላይ 4ን በድሮን ብርሃን አክብራለች፤ የእሷ አንዱ ምክንያት የሰደድ እሳት ስጋት ነበር፣ ውሾቿም ተጠቅመዋል። በከተማችሁ ምክር ቤት ስብሰባ እጅ አውጥቶ ይህን መጠየቅ የሁላችን መብት ነው።

ጁላይ 5 ጠዋት ውሻው ከመውጣቱ በፊት ጓሮውን ዙሩ። የተቃጠለ ካርቶን፣ ያልፈነዳ ርችት፣ የሥጋ እንጨት፣ የወደቀ ከሰል ልቀሙ፤ የርችት ኬሚካል ቢበላው ይመርዘዋል። ውሻው ከጠፋ ደግሞ ሰዓት አትፍጁ። ስልክ ከመደወል ባለፈ ሼልተር በአካል ሂዱ፣ በማግስቱም ተመለሱ፤ እነዚያ ቀናት ሼልተሮች የሚጨናነቁባቸው ናቸው፣ በስልክ የተነገረ መልክም ያሳስታል። ፎቶውን በሰፈሩ ለጥፉ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ወዳጆች ስልክ አሰራጩ። የማይክሮቺፑ ድርጅት ዘንድ ጠፍቷል ብላችሁ አስመዝግቡ። ካያችሁት አትሩጡበት፤ የደነገጠ ውሻ ባለቤቱንም ይሸሻል። ጎን ሰጥታችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ዓይኑን አትዩት፣ ሥጋ ጣል ጣል አድርጉና ጠብቁት። ከአካባቢው ካልራቀ ያደረበትን ምንጣፍና ውሃ ባያችሁበት ቦታ ትታችሁ፣ ንጋት ላይና ሲመሻሽ ተመልሳችሁ እዩ፤ በነዚያ ጸጥ ባሉ ሰዓቶች ነው የሚወጣው።